በትርፍ የተቆጠሩብኝ ዘጠኝ ቀናት

ሥራዬ ቀን ማተም ነው። ቃሊቲ ባለ አንድ የፓስታ ፋብሪካ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የማተሚያውን ቁጥር አስተካክላለሁ። ካርቶኑ ላይ የተመረተበት ቀን በፈረንጅ ይታተማል፤ የመጋዘኑ መዝገብ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አንድ ቀን ብሳሳት አንድ መኪና ሙሉ ጭነት ተመልሶ ስለሚመጣ አልሳሳትም። ከእኛው ወደ ፈረንጁ ለመቀየር ስልክ አላወጣም። ይህን ያነሳሁት ለመኩራራት አይደለም። "ቀን አታውቂም" ስባል ስለዋልኩበት አንድ ቀን ልጽፍ ስለሆነ ነው።

ልጄ አሁን ሁለት ዓመት አልፏታል። ከእሷ በፊት አንድ ወንድ ነበር። በስድስተኛው ወር፣ ከፋብሪካው ሰርቪስ ወርጄ ወደ ቤት ሳዘግም የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። ልጁ አንድ ሌሊት ኖረ። ከዚያ በላይ አልጽፍም። የሰጠ ወሰደው።

ምክንያቱን ስጠይቅ ሁሉም መልስ ነበረው። አንዷ ከባድ ዕቃ አንስተሽ ነው አለችኝ። ሌላዋ ዓይን ነው አለች። ሐኪም ቤት "አንዳንዴ ይከሰታል" አሉኝ። እኔ ከባድ ዕቃ አላነሳም፤ ቁጥር ነው የማዞረው። ዓይን እንዳይባል ሆዴን ከባለቤቴና ከጎረቤቴ በስተቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። "አንዳንዴ ይከሰታል" የሚለውን ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። መቼ ነው አንዳንዴ?

ሁለት ዓመት ያህል ሌላ ልጅ ሳላይ ቆየሁ። በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ቆረጥኩ። ነገ ማልጄ እገባለሁ፣ ጸበሉን እጠጣለሁ፣ ሥዕሉ ፊት ቆሜ እለምናለሁ አልኩ። ነጠላዬን አጥቤ አሰጣሁ። ጠዋት ስነሳ የወር አበባዬ መጥቷል።

በእኛ ሥርዓት በዚያ ሁኔታ ላይ ያለች ሴት ከቅጥሩ ውጭ ሆና ትጸልያለች እንጂ ወደ ውስጥ አትገባም። ቤቴ መቅረት እችል ነበር። ሄድኩና ደጁ ላይ ቆምኩ። እንደኔ የቆሙ ሴቶች በግንቡ ጥግ ተደርድረዋል፤ ለምን እንደቆምን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ታቦቱ ሲወጣ እልልታው ተሰማኝ፤ የሰው ጃንጥላ ከልሎኝ ግን ምንም አላየሁም። ከዓመቱ ቀን ሁሉ ዛሬን? አልኩ በልቤ። ተቀየምኩ። መልአክን መቀየም ነውር ነው፤ ግን ተቀየምኩ። ቤቴ ስመለስ ባለቤቴ "እንዴት ነበር?" ሲለኝ "ውጭ ነበርኩ" ብቻ አልኩት።

ኅዳር አሥራ ሁለት ነበር። በቀጣዩ ወር የወር አበባዬ አልመጣም።

አራተኛ ወሬን ስይዝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዋላጅ ነርሷ በዕድሜ ከኔ ትበልጣለች፤ ረጋ ያለች ሴት ናት። ያለፈውን ልጅ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"የማኅፀንሽ በር ያለጊዜው እያጠረ ይሆናል" አለችኝ። "አሁን በአልትራሳውንድ ይለካል። አጥሮ ከተገኘ ልጁ ቀድሞ የመምጣቱ ስጋት ይጨምራል ማለት ነው፤ የሚረዳ መድኃኒት አለ። ነገር ግን ጊዜ አለው። ሃያ አራተኛው ሳምንት ሳይሞላ ተለክተሽ መጀመር አለብሽ። እኛ ጋ መሣሪያው የለም፤ ሪፈር እጽፍልሻለሁ።"

ከዚያ የመጨረሻ የወር አበባዬ መቼ እንደነበረ ጠየቀችኝ።

"ኅዳር አሥራ ሁለት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

በእጇ፣ በጥሩ ጽሑፍ፣ ካርዱ ላይ "ኅዳር 12" ብላ ጻፈች። እንዴት አወቅሽ አላለችኝም። እግዚአብሔር ይስጣት።

ሪፈር የተባልኩበት ሆስፒታል ስደርስ ካርድ ክፍል ውስጥ አንድ ወጣት ካርዴን እያየ ኮምፒውተር ላይ ጻፈና ቀጠሮ ሰጠኝ። በቀጠሮዬ ቀን ከፋብሪካ አስፈቅጄ ሄድኩ፤ "ዶክተሩ ስልጠና ላይ ነው፣ ለሚመጣው ሳምንት" ተባልኩ። ያን ሳምንት ሙሉ ማተሚያውን ሳዞር የምቆጥረው ሌላ ነገር ነበር። የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ሃያ አራት ነበር።

ባለቤቴ ጋራዥ ይሠራል፤ የዚያን ቀን አልፈቀዱለትም። ጎረቤቴ ግን "ብቻሽን አትሄጂም" ብላ ሱቋን ዘጋች። የወሎ ሰው ናት። ቱሉ ዲምቱ ከኮንዶሚኒየም ብሎካችን ሥር ጨርቅ ትሸጣለች፤ ባሏ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል። አራት ወልዳለች። እኔ የምቆጥበውን ቃል እሷ ታወጣዋለች፤ እግዜር ያገናኘን ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በቀደመው ሳምንት የበሩ ጥበቃ ለሁላችንም "ለአልትራሳውንድ የምትመጡ፣ አንድ ሊትር ውሃ ጠጡ፣ ሽንት ይዛችሁ ኑ" ብሎን ነበር። ስለዚህ ከቤት ስወጣ አንድ ሊትር ውሃ ጠጣሁ። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሆስፒታሉ ሁለት ሚኒባስ ነው፤ መንገዱ በኮንቴይነር መኪና ተጨናንቋል። በየጉብታው ላይ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

"በይው ሾፌሩን ቀስ በል" አለችኝ ጎረቤቴ።

"ቀስ ካለማ አልደርስም።"

"ወላሂ እውነትሽን ነው። ቀስም አይበል፣ አይፍጠንም። አብሽሪ።"

ካርድ ክፍሉ መስኮት ስንደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ያ ወጣት አልነበረም፤ ሌላ ልጅ ናት። ካርዴን ተቀበለች፣ ቁጥሬን ጻፈች፣ ኮምፒውተሩን አየች።

"ሃያ አራት ሳምንት ከሦስት ቀን" አለች። "የማኅፀን በር ልኬት ነው አይደል? እስከ ሃያ አራት ነው። አልፎሻል።"

"አላለፈኝም።"

"ሲስተሙ ነው የሚለው።"

"ሲስተሙ ተሳስቷል።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። "ሲስተም አይሳሳትም እህቴ። ቀን የምትሳሳቱት እናንተ እናቶች ናችሁ። ካልመሰለሽ ይሄን ወረቀት ይዘሽ ሰባት ቁጥር ሂጂና ዶክተሩን ጠይቂ። ቀጣይ!"

ሰባት ቁጥር በሩ ላይ አሥር ሴቶች ተቀምጠዋል። የአንዳንዶቹ ባሎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ጠበቅን። ውሃው ወደ ታች ወርዷል። እግሬን አጣምሬ፣ ውዳሴ ማርያም በልቤ እየደገምኩ ተቀመጥኩ፤ ከመሃል ጠፋኝና እንደገና ጀመርኩ። በመጨረሻ ተጠራሁ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። ወረቀቱን አይቶ ተነፈሰ።

"አልፏል እኮ" አለኝ። "ለምንድን ነው ቀድማችሁ የማትመጡት? ሁልጊዜ ይሄው ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ትመጡና ሥሩልን ትሉናላችሁ።"

"ባለፈው ሳምንት መጥቼ ነበር። ስልጠና ላይ ነዎት ተባልኩ።"

"እሱ... አዎ። ያኔም ቢሆን ጠርዝ ላይ ነበርሽ። አሁን ብለካሽ ትርጉም የለውም፣ መድኃኒቱንም በመመሪያችን ከሃያ አራት በኋላ አንጀምርም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመደበኛ ክትትል ነይ።"

ሌላ ልናገር አፌን ስከፍት ከኋላዬ ሌላ ሴት ተጠርታ ገብታለች። የያዘውን ወረቀት ሰጠኝና ወጣሁ።

ስለ ዶክተሮች ክፉ መናገር አልወድም። ግን ያ "እናንተ" የሚሉት ነገር ይሰለቸኛል። እኔ አንድ ሰው ነኝ። ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ። አንድ ሊትር ውሃ ይዤአለሁ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ተመለከትኩ። የመጨረሻ የወር አበባ ከሚለው ትይዩ በፈረንጅ "ኖቬምበር 12" ተብሎ ታትሟል። ለካ ይህ ነው። ፋብሪካ የሚገቡ አዳዲስ ሠራተኞች በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠሩት ስህተት ነው፤ ወሩን ይቀይሩና ቀኑን እንዳለ ይተዉታል። ኅዳር አሥራ ሁለት ያን ዓመት በፈረንጅ ኖቬምበር ሃያ አንድ ነበር። እርግዝናዬን ዘጠኝ ቀን ቀድመው ጀምረውልኛል።

በትክክሉ ሲቆጠር ሃያ ሦስት ሳምንት ከአንድ ቀን ነኝ። ሃያ አራት ሊሞላኝ ስድስት ቀን ቀርቶኛል። ዛሬ ሳልለካ ብመለስ ቀጠሮዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያኔ ስህተታቸው እውነት ይሆናል። በሩ እያጠረም ከሆነ ማንም ሳያየው ያጥራል።

ጎረቤቴን አሳየኋት። ፊደል እንጂ ፈረንጅኛ አታነብም፤ ግን ወዲያው ገባት።

"ዘጠኝ ቀን አትርፈውብሽ ነው የሚከለክሉሽ?" አለች። "ተነሺ!"

ወደ መስኮቱ ተመለስን። ሰልፉን አልፈን ስንጠጋ የተሰለፉት አጉረመረሙ፤ ጎረቤቴ "የያዘችውን ውሃ ብታውቁ ራሳችሁ ታሳልፏት ነበር" ስትላቸው ሳቁና መንገድ ሰጡን።

ወረቀቱን ለልጅቷ አሳየኋት። "ጤና ጣቢያው ኅዳር አሥራ ሁለት ብሎ ጽፏል። እናንተ ኖቬምበር አሥራ ሁለት አላችሁ።"

"ኅዳር ኖቬምበር አይደለም እንዴ?"

"ነው። አሥራ ሁለቱ ግን አሥራ ሁለት አይደለም።"

"አሥራ ሁለት እንዴት ነው አሥራ ሁለት የማይሆነው?"

ማስረዳት ጀመርኩ። ግን ሽንቱ ከቃሉ በፊት ሊያመልጠኝ ሆነ። ጎረቤቴ ገባችበት።

"እኅት፣ ክርስቲያን ነሽ አይደል? ገና በኛ በስንት ነው?"

"ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ። ምን አገናኘው?"

"በፈረንጅስ?"

"ጃንዋሪ... ሰባት።"

"እንግዲህ! ወሩን ለውጠሽ ሃያ ዘጠኙን እንዳለ ብትተዪው ገናን ትበያለሽ ወይስ ያልፍሻል? እስላሟ እኔ የገናሽን ቀን ልንገርሽ? ይልቅ አላህን አመስግኚ፤ እኔ ብሆን ኖሮ በጨረቃ ነበር የምነግርሽ።"

ከኋላችን ያለው ሰልፍ ሳቀ። ልጅቷም ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፣ አልቻለችም። ከዚያ ኮምፒውተሩን አየች፣ ካርዱን አየች፣ ፊቷ ተለወጠ።

"ገባኝ" አለች። "ውይ! ግን እኔ ማስተካከል አልችልም። ያስገባው ልጅ ነው በራሱ የይለፍ ቁጥር ገብቶ የሚያርመው።"

"የት አለ?"

"ፈቃድ ወጥቷል። ሰኞ ይመጣል።"

ሰኞ ሃያ አራት ሳምንት ይሞላኛል። ይህንን ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። መጥፎ ልጅ አልነበረችም። በዚያ ቀን ያጋጠመኝ ማንም መጥፎ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ጥፋተኛ ቢኖር ተቆጥቼ እገላገል ነበር።

"ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ በእጁ አርሞ ከፈረመበት እኔ አሳልፈዋለሁ" አለች።

እንደገና ሰባት ቁጥር። ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ የሚቀጥለውን ስም ሊጠራ ነው። ቀድሜው ቆምኩ። የጤና ጣቢያውን ካርድና የእነሱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዤ አሳየሁት። ነገሩ ፈጥኖ ገባው፤ እሱ እንኳ ብልህ ነው። ግን አልጻፈም።

"እሺ፣ ሲገለበጥ ተሳስተዋል" አለ። "ነገር ግን ካርዱ ላይ ያለውስ ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ? አብዛኛው እናት ቀኑን አያስታውስም። 'ከጥምቀት በፊት'፣ 'በበዓሉ ሰሞን' ይሉኛል፤ አዋላጇ በግምት ትሞላዋለች። የልጁን ራስ ብለካው በዚህ ወር ልኬቱ ከሳምንት በላይ ከፍም ዝቅም ይላል፣ ሁለቱንም ቀን ይቀበላል። አርሜ ከፈረምኩ ኃላፊነቱ የኔ ነው። አንቺ በምን እርግጠኛ ሆንሽ?"

እውነት ለመናገር ጥያቄው ትክክል ነበር። ቀኑን ሙሉ ከተጠየቅሁት ሁሉ ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ብቻ ነበር። የምመልሰው ግን በዚያ ኮሪደር፣ በዚያ ሁሉ ሴት መሃል፣ ግድግዳ የተደገፉት ባሎች እየሰሙ ነው። ለባለቤቴ እንኳ "ውጭ ነበርኩ" ከማለት ያለፈ ያልነገርኩት ነው። ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ። ቀኑን ሙሉ ያላረፈ አፏ አሁን ዝም ብሏል። ይሄን እሷ ልትናገርልኝ አትችልም።

"ኅዳር ሚካኤል ነበር" አልኩት። "ደጅ ቆሜ ነው ያስቀደስኩት።"

ከባሎቹ አንዱ ስልኩን ማየት ጀመረ።

ከአግዳሚው ጫፍ አንድ አዛውንት እናት፣ ልጃቸውን አጅበው የመጡ፣ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ።

"ጻፍላት እንጂ ልጄ" አሉት። "ሴት በንግሥ ቀን ደጅ መቆሟን ትረሳለች? እኔ ሰባት ወልጄአለሁ፤ የቆምኩበትን በዓል ሁሉ ዛሬም እቆጥርልሃለሁ። ይሄን ኮምፒውተር አያውቀውም።"

ሴቶቹ "እውነት ነው"፣ "ልክ ናቸው" ተባባሉ። ዶክተሩ ወለሉን አየ። አንገቱ ላይ ጥቁር ማዕተብ አሥሯል፤ እስከዚያች ደቂቃ አላስተዋልኩትም ነበር።

"ገባኝ እናቴ" አላቸው። ለእኔም "ገባኝ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ስልኩን አውጥቶ መቁጠር ጀመረ።

"ሃያ ሦስት ከአንድ ቀን" አልኩት።

ስልኩ ትንሽ ቆይቶ ያንኑ አለው። ቀና ብሎ አየኝ። "የሂሳብ ባለሙያ ነሽ?"

"የፓስታ" አልኩ።

ኖቬምበር አሥራ ሁለትን ሰርዞ ሃያ አንድ ብሎ ጻፈ፣ ፈረመበት። ጎረቤቴ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ ወደ መስኮቱ ሮጠች።

ከዚያ በሩን ከፍቶ "ግቢ" ካለኝ በኋላ "ሽንት ቤት ደርሰሻል?" አለኝ።

"ያዙ ተብለን ነው የያዝኩት። ከጠዋት ጀምሮ።"

"ማነው ያለሽ? ያ ለሌላው ምርመራ ነው። ለዚህኛው ፊኛ ባዶ መሆን አለበት፤ ከሞላ በሩን ተጭኖ ከልኩ በላይ አስረዝሞ ያሳየናል። ሂጂ፣ ሸንተሽ ነይ።"

ኮሪደሩን ስሮጥ ጎረቤቴ ከመስኮቱ እየተመለሰች ነበር፤ ስነግራት ግድግዳ ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ያኔ አልሳቅሁም።

እንዴት እንደሚለካ አልጽፍም፤ ያየች ታውቀዋለች። ስክሪኑ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ዶክተሩ አንዲት ግራጫ መስመር ላይ ሁለት ምልክት አደረገ፣ ደግሞ አጥፍቶ አደረገ፣ ሦስተኛም ለካ። መሣሪያው ላይ ያለችውን ቁጥር ከእሱ በፊት አነበብኩ፤ ቁጥር ማንበብ ልማዴ ነው።

"አሥራ ዘጠኝ" አልኩ።

"አሥራ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር" አለ። "ከሃያ አምስት ባያንስ ነበር የምንፈልገው።"

"ምን ማለት ነው?"

"አጥሯል ማለት ነው። ልጁ ቀድሞ የመምጣት ስጋት አለው ማለት ነው። ይመጣል ማለት ግን አይደለም፤ እሱን ማንም ሊነግርሽ አይችልም። መድኃኒቱ ስጋቱን ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም።"

ይህን ንግግር ወደድኩት። የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ለይቶ ሲነግረኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ዓይን አላለም፤ አንዳንዴ ይከሰታል አላለም። አሥራ ዘጠኝ አለ። ከዚያ ሌላ መሣሪያ ሆዴ ላይ አድርጎ ልቧን አሰማኝ። ተመስገን አልኩ።

ማታ ማታ የሚወሰድ መድኃኒት ጻፈልኝ፤ እስከ ሠላሳ ስድስተኛው ሳምንት የሚቀጥል። ከበድ ያለ ሥራ እንዳልሠራ፣ ቁርጠት ወይም ፈሳሽ ካየሁ በዚያው ሰዓት እንድመጣ ነገረኝ። ስወጣ "ደህና አድርገሽ ተከራከርሽ" አለኝ። ይቅርታ አላለኝም፤ ይቅርታ ያለኝ ሰው በዚያ ሆስፒታል የለም። እኔም አልጠበቅሁም፣ መድኃኒቱን ይዣለሁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሲስተሙ ግን ሲስተም ነው። ሰኞ ያ ልጅ ከፈቃድ ተመለሰ፤ ቀኑን ግን አላረመም፣ ወይም ሲያርመው ሲስተሙ አልተቀበለውም፣ አላውቅም። በየክትትሉ በሄድኩ ቁጥር ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ቀን ይጨምርብኛል። በየጊዜው አዲስ ሰው ይቀመጣል፣ በየጊዜው "ሠላሳ ሁለት ሳምንት" ይለኛል፣ በየጊዜው "ሠላሳ ከአምስት ቀን" እላለሁ፣ በየጊዜው ዶክተሩ የፈረመበትን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣለሁ። ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ተቀደደ፤ በፋብሪካው የካርቶን ፕላስተር ለጠፍኩት።

ፋብሪካ ውስጥ አለቃዬ ወንበር አስመጣልኝ። ተቀምጬ ቀን አተምኩ። የእነዚያ ወራት ፓስታ ሁሉ አገልግሎቱ የሚያበቃው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር፤ ቁጥሩን ሳዞር የዚያን ጊዜ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ትኖረኛለች ወይ እያልኩ አዞራለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ማታ መድኃኒቴን እወስድና እጸልያለሁ፤ ሁለቱን አላፎካከርኳቸውም።

ሃያ ስድስተኛው ሳምንት፣ የመጀመሪያው ልጅ የመጣበት፣ አለፈ። የዚያን ሳምንት ባለቤቴ ከጋራዡ እየወጣ በቀን ሦስት ጊዜ ይደውል ነበር። "ምንም የለም?" ይለኛል። "ምንም የለም" እለዋለሁ። እንደዚያ ዓይነት ደስ የሚል ንግግር ተነጋግረን አናውቅም። ሠላሳ አለፈ፣ ሠላሳ አራት አለፈ። ነሐሴ አራት ቀን፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሴት ልጅ ወለድኩ። ሠላሳ ሰባት ሳምንት ከሦስት ቀን። ጊዜዋን የጠበቀች፣ ጮኻ የመጣች። ከሆስፒታል ስወጣ በሰጡኝ ወረቀት ላይ ሠላሳ ስምንት ሳምንት ከአምስት ቀን ይላል። አሁንም እንዲሁ ይላል።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እስከዚያ እናትም ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ባለቤቴ ለድግሱ ሰው ሊጠራ ቀኑን ቆጥሮ መጣ። የነገረኝ ቀን ሰማንያውን በስድስት ቀን ያልፋል።

"ጳጉሜንን የት አደረስካት?" አልኩት።

"ጳጉሜን ደግሞ ትቆጠራለች እንዴ?"

"ያን ስድስት ቀን ልጅህ ጡት አልጠባችም? አልተኛችም?"

ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። "በወንዶችና በኮምፒውተር አቆጣጠር ብትሄጂ ይቺ ልጅ እስካሁን አልተወለደችም ወይ ትምህርት ጨርሳለች" አለችው። ባለቤቴ ሳቀና እኔ የቆጠርኩትን ቀን ጻፈ።

ሰማንያ ቀኑ ሲሞላ ገባሁ። ስለዚያ ቀን ብዙ መጻፍ አልችልም።

ከዚያ ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ልጄን አቅፌ ማልጄ ሄድኩ። በደጁ በግንቡ ጥግ ሴቶች ቆመዋል፤ እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ጎትታ ቆማለች። ከንፈሯን ነክሳለች። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ለመሳለም የመጣች አትመስልም፤ ለመጣላት የመጣች ትመስላለች።

ልለፋት ስል ቆምኩ።

"ቀኑን ያዢው" አልኳት።

"ምን?" አለች፣ ተቆጥታ።

ማስረዳት ይቻል ነበር። ቅዳሴው ግን ሊገባ ነው፣ ልጄም ነቅታለች። "የዛሬን ቀን ያዢው፣ እንዳትረሺው" ብያት በበሩ ገባሁ።